ስዋሂሊን በፊደል መፍታት፦ የግሱ አሠራርና የስም ምድቦች

ናይሮቢ በገባሁ በሦስተኛው ወር ገደማ ጎረቤቴ ለነበረች የሞምባሳ ሴት መጽሐፌ መጥፋቱን ልነግራት ፈልጌ «ኪታቡ ያንጉ ኢሜፖቴአ» አልኳት። አልሳቀችብኝም፣ «ተሳስተሃል»ም አላለችኝም። «ኪታቡ ቻኮ ኪሜፖቴአ?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ፤ መጽሐፍህ ጠፋ? ማለቷ ነው። ያልኳት በደንብ ገብቷታል፤ ግን ሁለት ቦታ ላይ ፊደሌን ቀይራ መለሰችልኝ። ማታ ሁለቱን አባባሎች ደብተሬ ላይ አንዱን ከሌላው በታች ስጽፋቸው ነገሩ ፍንትው አለልኝ። የእሷ ላይ ኪ፣ ቻ፣ ኪ ተሰልፏል። የእኔ ላይ ስሙ በኪ ይጀምርና የተቀረው ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳል።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ያን ጊዜ ቢነገረኝ ኖሮ የምለውን ነገር ለማካፈል ነው። በእኔ ልምድ ለአማርኛ ተናጋሪ የስዋሂሊ ግስ ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው ስሙ ነው። የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በግሱ ርዝመት ሲደነግጡ አይቻለሁ። እኛ ግን «አልነገርኳትም» እያልን ያደግን ነን፤ አሉታው፣ ድርጊቱ፣ እኔ፣ እሷ፣ ሁሉም በአንድ ቃል ውስጥ ታጭቀዋል። የስዋሂሊው «ሲኩሟምቢያ» ያው እሱ ነው።

1. መጀመሪያ ድምፁን በፊደል ይያዙ

ስዋሂሊ አምስት አናባቢ ብቻ ነው ያለው። በእኛ ፊደል ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ ይበቁታል። ግዕዙን ይርሱት፤ «በ» ወይም «ለ» የሚባል ድምፅ የለም። ሳድስ የሚያስፈልገው ሁለት ተነባቢ ሲገናኝ ብቻ ነው። ስዋሂሊ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው፤ ይሁን እንጂ ለጀማሪ አማርኛ አንባቢ በፊደላችን መጻፉ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ወዲያው ያዩታል።

ሁለት ጥንቃቄ። አንደኛ፣ «ምቱ» (ሰው) ሲሉ ከፊቱ እ አይጨምሩ፤ ም ራሷን ችላ ትነገራለች። ሁለተኛ፣ አያጥብቁ። ስዋሂሊ ውስጥ «አለ» እና «አለ»ን የሚለይ ዓይነት ጥብቀት የለም። ጫናው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከመጨረሻው ፊደል በፊት ባለው ላይ ያርፋል፦ ኒናሶማ ሲሉ «ሶ»ን ጫን ይበሏት።

2. ግሱን ፊደል በፊደል ይቁረጡት

ኒናሶማን ይውሰዱ። ኒ ማለት እኔ፣ ና ማለት አሁን፣ ሶማ ማለት ማንበብ። «አነባለሁ»፣ «እያነበብኩ ነው»። አንድ ፊደል አንድ ትርጉም ተሸክሟል። የባለቤት ፊደሎቹ ስድስት ናቸው፦ ኒ (እኔ)፣ ኡ (አንተ፣ አንቺ)፣ አ (እሱ፣ እሷ)፣ ቱ (እኛ)፣ ም (እናንተ)፣ ዋ (እነሱ)።

ወንድና ሴት አለመለየቱን ልብ ይበሉ። «አናሶማ» ሲባል የሚያነበው ልጅም ልጅቷም ሊሆን ይችላል። እርስዎ የሚል የአክብሮት ፊደልም የለም። መጀመሪያ ላይ አንድ ሽማግሌን «ኡ» ብሎ ማናገር ሆድ ያባባል። እዚያ አክብሮቱ ያለው ሰላምታው ውስጥ ነው፤ ታላቅን «ሺካሞ» ይሉታል፣ እሱም «ማራሃባ» ይላል።

ሁለተኛው ፊደል ጊዜውን ይናገራል። ሊ ኃላፊ፣ ታ የወደፊት፣ ና የአሁን። ሜ ግን ትንሽ ቆም ያሰኛል፣ ምክንያቱም የእኛ ሰው እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው። ኒሊኩላ «በላሁ» ነው፤ ኒሜኩላ «በልቻለሁ» ነው። ልዩነቱ አማርኛ ውስጥ አብሮን ስላደገ ሳናስበው እንጠቀምበታለን። «አሜላላ» ስንል «ተኝቷል» ነው፣ አሁንም እንደተኛ ነው። «ኒሜቾካ» ደግሞ «ደክሞኛል»። እንግሊዝኛውን መሃል ካላስገቡ ችግር የለብዎትም።

ሁ የሚባል ሌላ ፊደልም አለ። ልማድን ይናገራል፣ ባለቤትም አያስፈልገውም፦ «ሁሶማ»፣ ማንም ይሁን ማን ማንበብ ልማዱ ነው።

3. አሉታውን በሁለት ጫፍ ይያዙ

አማርኛ «አል…ም» ብሎ ግሱን ከሁለት ወገን እንደሚይዘው፣ ስዋሂሊም በአሁን ጊዜ ላይ ሁለቱንም ጫፍ ይነካል። ከፊት ባለቤቱ ይለወጣል፤ ከኋላ አ የነበረው ኢ ይሆናል፤ መሃል ያለው ና ይጠፋል።

ኒናሶማ፣ ሲሶሚ። ኡናሶማ፣ ሁሶሚ። አናሶማ፣ ሃሶሚ። ቱናሶማ፣ ሃቱሶሚ። ምናሶማ፣ ሃምሶሚ። ዋናሶማ፣ ሃዋሶሚ።

«ሁሶማ» (ልማድ) እና «ሁሶሚ» (አታነብም) የሚለዩት በመጨረሻው ፊደል ብቻ ስለሆነ ጆሮዎን እዚያ ያቁሙ። ከዓረብኛ የገቡ ግሶች መጨረሻቸው አይለወጥም፤ ኩሳፊሪ (መጓዝ) «ሲሳፊሪ» ይሆናል፣ አለቀ።

በኃላፊ ጊዜ ሊ ይወጣና ኩ ይገባል፦ ሲኩሶማ፣ አላነበብኩም። በወደፊት ታ እንዳለ ይቆያል፦ ሲታሶማ። ሜ ደግሞ በጃ ይተካል፤ ጃ ራሱ «ገና» የሚል ትርጉም አለው። «ሲጃሶማ» ማለት «ገና አላነበብኩም» ነው።

ሁሉም ሰው የሚያውቀው «ሃኩና ማታታ» እንኳ በዚህ ይፈታል። ሃ አሉታ፣ ኩ ቦታ፣ ና «ጋር» ወይም «መኖር»፤ ማታታ ችግሮች። ችግር የለም።

4. አጫጭር ግሶች ላይ ይጠንቀቁ

ኩላ (መብላት)፣ ኩኟ (መጠጣት)፣ ኩጃ (መምጣት)፣ ኩፋ (መሞት) ሥራቸው አንድ ፊደል ብቻ ነው። ብቻቸውን ለመቆም ስለሚያንሱ «ኩ»ን ይዘው ይሄዳሉ፦ ኒናኩላ እንጂ ኒናላ አይባልም። በአሁን ጊዜ አሉታ ግን ኩ ይወድቃል፦ ሲሊ፣ አልበላም።

ይህቺን ቃል እኔ በጾም ጊዜ ነው የለመድኳት። ናይሮቢ ውስጥ ኛማ ቾማ (ጥብስ ሥጋ) ሳይቀርብ የሚያልፍ ግብዣ እምብዛም ነው፤ «ሌዎ ሲሊ ኛማ» (ዛሬ ሥጋ አልበላም) ካሉ ማንም ሌላ ማብራሪያ አይጠይቅዎትም። «ሲኩላ» ካሉ ግን «አልበላሁም» ነውና አስተናጋጁ ሳህን ይዞልዎት ሊመጣ ይችላል።

5. ተሳቢውን መሃል ያስገቡ

እኛ ተሳቢውን ከኋላ እንሰካዋለን፦ ወደድኩ-ህ። እነሱ ከሥሩ ፊት ለፊት ያስገቡታል፦ ኒ-ና-ኩ-ፔንዳ፣ እወድሃለሁ ወይም እወድሻለሁ። እኔን ሲሆን ኒ፦ አሊኒፓ፣ ሰጠኝ። እሱን ወይም እሷን ሲሆን ም፣ ከአናባቢ በፊት ሙ፦ ኒሊሙኦና፣ አየሁት ወይም አየኋት።

እዚህ ላይ ሌላ ስጦታ አለ። «መጽሐፍ አነበብኩ» እና «መጽሐፉን አነበብኩት» አንድ አይደሉም። ስዋሂሊም እንዲሁ ይለያል። «ኒሊሶማ ኪታቡ» ሲሉ አንድ መጽሐፍ፤ «ኒሊኪሶማ ኪታቡ» ሲሉ የምናውቀው መጽሐፍ። መሃል የገባችው ኪ የእኛን «ት» ሥራ ትሠራለች። ግን ለምን ኪ ሆነች? የሚከተለው ዋናው ጉዳይ ነው።

6. ስሙን ከነምድቡ ይመዝግቡ

አማርኛ ስምን በወንድና በሴት ይከፍላል። ስዋሂሊ ያንን ጥሎ ስሞችን በብዙ ምድብ ይከፍላቸዋል፣ ምድቡም የሚታወቀው በስሙ አናት ላይ ባለው ፊደል ነው። የሰዋስው መጻሕፍት ምድቦቹን በቁጥር ይጠሯቸዋል፤ እኔ በፊደላቸው ነው የያዝኳቸው። በየረድፉ መጨረሻ ያሉት ግሱ የሚወስዳቸው ፊደሎች ናቸው፣ መጀመሪያ ለነጠላ፣ ቀጥሎ ለብዙ።

ም-ዋ (ሰዎች)፦ ምቶቶ/ዋቶቶ ልጅ፣ ሟሊሙ/ዋሊሙ አስተማሪ። ግሱ አ እና ዋ።
ም-ሚ (ዛፍና ብዙ ዕቃ)፦ ምቲ/ሚቲ ዛፍ፣ ምካቴ/ሚካቴ ዳቦ፣ ምላንጎ/ሚላንጎ በር። ግሱ ኡ እና ኢ።
ጂ-ማ፦ ጂቾ/ማቾ ዓይን፣ ያይ/ማያይ እንቁላል፣ ጋሪ/ማጋሪ መኪና (እዚያ ጋሪ በፈረስ አይጎተትም)። ግሱ ሊ እና ያ።
ኪ-ቪ፦ ኪቲ/ቪቲ ወንበር፣ ኪታቡ/ቪታቡ መጽሐፍ፣ ቻኩላ/ቪያኩላ ምግብ። ግሱ ኪ እና ቪ።
ን (ነጠላና ብዙው አንድ ነው)፦ ኙምባ ቤት፣ ንዲዚ ሙዝ፣ ሲሙ ስልክ፣ ሳፋሪ ጉዞ። ግሱ ኢ እና ዚ።
ኡ፦ ኡኩታ/ኩታ ግድግዳ፣ ኡሁሩ ነጻነት (ብዙ ቁጥር የለውም)። ግሱ ኡ እና ዚ።

ከእነዚህ ሌላ ንዑስ አንቀጹ (ኩሶማ፣ ማንበብ) የራሱ ምድብ አለው፣ ቦታም እንዲሁ። እነሱን በኋላ ይደርሱባቸዋል።

ኪታቡ ላይ ትንሽ ልቆይ። ቃሉ ዓረብኛ ነው፣ አንገት ላይ ከሚታሰረው የእኛ ክታብ ጋር ዘመድ ነው። ዓረብኛው ውስጥ ኪ የቃሉ ሥር አካል ናት። ስዋሂሊዎች ግን «በኪ ከጀመረ የኪ-ቪ ነው» ብለው ሲበዛ ቪታቡ አደረጉት። ሥርዓቱ እንዲህ ብርቱ ነው፤ እንግዳ ቃል ሲገባ መታወቂያ አውጥቶ ይሰጠዋል።

አንድ ሥር በምድቦች ሲዞር ማየት የሚፈልጉ የራሳችንን ስም ይውሰዱ። ምሃቤሺ ሐበሻ (አንድ ሰው)፣ ዋሃቤሺ ሐበሾች፣ ኡሃቤሺ ደግሞ የኢትዮጵያ የቆየ ስዋሂሊ ስም። ቋንቋ ሲሆን ኪ ይቀድማል፤ አማርኛ ኪአምሃሪ ነው፣ ስዋሂሊ ራሱም በሙሉ ስሙ ኪስዋሂሊ።

ደብተር ላይ ሲጽፉ ስሙን ብቻውን አይጻፉ። «ምካቴ፣ ዳቦ» ብሎ መጻፍ ግማሽ ሥራ ነው። «ምካቴ/ሚካቴ፣ ኡ/ኢ፣ ዳቦ» ይበሉ። እኔ ይህን ባለማድረጌ ሁለት መቶ ያህል ቃላት እንደገና መጻፍ ነበረብኝ።

7. ሰልፉን ያስተካክሉ

ስዋሂሊ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁሉም ቃል አለቃውን ስም እያየ ይሰለፋል። «ትልቁ መጽሐፌ ወድቋል» ለማለት፦

ኪታቡ ቻንጉ ኪኩቧ ኪሜአንጉካ።
ሲበዛ፦ ቪታቡ ቪያንጉ ቪኩቧ ቪሜአንጉካ።

መኪና፣ ዛፍና ቤት እየተኩ ይዩት፦

ጋሪ ላንጉ ኩቧ ሊሜአንጉካ። ማጋሪ ያንጉ ማኩቧ ያሜአንጉካ።
ምቲ ዋንጉ ምኩቧ ኡሜአንጉካ። ሚቲ ያንጉ ሚኩቧ ኢሜአንጉካ።
ኙምባ ያንጉ ኩቧ ኢሜአንጉካ። ኙምባ ዛንጉ ኩቧ ዚሜአንጉካ።

ይህን ሁሉ በቃል መያዝ አይጠበቅብዎትም። ቁልፉ ሁለት ነው። ቅጽልና ቁጥር የስሙን አናት ይከተላሉ (ኪታቡ ስለሆነ ኪኩቧ፣ ምቲ ስለሆነ ምኩቧ)። የተቀሩት ግሱ የሚወስደውን ፊደል ይከተላሉ። «የኔ» ለማለት የግሱን ፊደል ከ«አንጉ» ጋር ያጋጩት፦ ሊ እና አንጉ ላንጉ፣ ዚ እና አንጉ ዛንጉ፣ ቪ እና አንጉ ቪያንጉ፣ ኡ እና አንጉ ዋንጉ፣ ኢ እና አንጉ ያንጉ፣ ኪ እና አንጉ ቻንጉ። ኪ እዚህ ከአናባቢ ጋር ስትጋጭ ወደ ች ትለወጣለች፤ ጎረቤቴ «ቻኮ» ያለችኝ ከዚህ የተነሳ ነው። ያንተ አኮ፣ የእሱ ወይም የእሷ አኬ፣ የኛ ኤቱ፣ የናንተ ኤኑ፣ የነሱ አዎ።

«ይህ» ለማለት ደግሞ ከፊት ሀን ያስቀድሙና የግሱን አናባቢ ያውሷት፦ ሂኪ፣ ሂቪ፣ ሂሊ፣ ሃያ፣ ሁኡ፣ ሂኢ፣ ሂዚ። ለሰው ሁዩ እና ሃዋ። «ያ» ይበልጥ ቀላል ነው፤ የግሱ ፊደል ላይ ሌ ይጨመራል፦ ኪሌ፣ ቪሌ፣ ሊሌ፣ ዚሌ። ለአንድ ሰው ግን ዩሌ።

8. ነፍስ ያለው ሁሉ የሰውን ሕግ ይከተላል

ኪጃና (ወጣት) በኪ ይጀምራል፣ ሲምባ (አንበሳ) የን ምድብ መልክ አለው፣ ዳክታሪ (ሐኪም) እንግዳ ቃል ነው። ሰው ወይም እንስሳ እስከሆኑ ድረስ ግሳቸው አ እና ዋ ነው፦ ሲምባ አሜላላ፣ ዳክታሪ አሜፊካ።

ለዚህ የምወደው ምሳሌ ኪፋሩ ነው። አውራሪስም ነው፣ የጦር ታንክም ነው። «ኪፋሩ አሜኩፋ» ካሉ እንስሳው ሞቷል፤ «ኪፋሩ ኪሜሃሪቢካ» ካሉ ታንኩ ተበላሽቷል። ከአንዲት ፊደል ነው የሚለየው።

ከዚህ ሕግ የሚያፈነግጡት የን ምድብ መልክ ያላቸው የዘመድና የወዳጅ ስሞች ናቸው፣ ያውም «የኔ»፣ «የእሷ» በሚሉት ቃላት ላይ ብቻ፦ ራፊኪ ያንጉ አሜፊካ፣ ጓደኛዬ ደርሷል። ባባ ያንጉ፣ ማማ ያኬ።

9. ቁጥርና ሰዓት

ከአንድ እስከ አምስት እና ስምንት ከስሙ ጋር ይስማማሉ፤ ስድስት (ሲታ)፣ ሰባት (ሳባ)፣ ዘጠኝ (ቲሳ) እና ዐሥር (ኩሚ) አይነቃነቁም። ሁለት እንቁላል ማያይ ማዊሊ፣ ሁለት ወንበር ቪቲ ቪዊሊ፣ ሁለት ሙዝ ንዲዚ ምቢሊ፤ ስድስት እንቁላል ግን ማያይ ሲታ። ሳባ ሰባት እንጂ ሰባ አይደለም፤ ሰባው ሳቢኒ ነው። ገበያ ላይ ይህን ካምታቱ ገንዘብ ነው የሚያወጡት።

ሰዓቱ ግን ቤታችን ነው። ሳአ ሞጃ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፣ ልክ እንደኛ፤ ፀሐይ ስትወጣ መቁጠር ይጀምራሉ። ዳኪካ ደቂቃ ነው። ፈረንጆቹ ስድስት ሰዓት ሲጨምሩና ሲቀንሱ እርስዎ ቁጭ ብለው ይጠብቋቸው። ብቻ በእንግሊዝኛ ከተነገረዎት በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አይርሱ፤ ያው ሰው በሁለቱ ቋንቋ ሁለት ቁጥር ይነግርዎታል።

10. የግሱን ጅራት ያንብቡ

ትምህርት ቤት አድራጊ፣ ተደራጊ፣ አስደራጊ፣ ተደራራጊ እያልን ያጠናናቸው አዕማድ እዚህም አሉ፤ እዚያ ግን ጅራት ላይ ነው የሚቀጠሉት። ናይሮቢ ሱቅ ሁሉ በር ላይ «ሊፓ ና ኤምፔሳ» የሚል ጽሑፍ ያያሉ (ኤምፔሳ በስልክ ገንዘብ መክፈያ ነው)። ሊፓ ማለት «ክፈል» ነው፤ ትእዛዝ ሲሆን ሥሩ ብቻውን ይቆማል። ከእሷ ይነሱ፦ ሊፕዋ ተከፈለ፣ ሊፒያ ከፈለለት፣ ሊፒሻ አስከፈለ። ለተደራራጊው ፔንዳን ይውሰዱ፦ ፔንዳና፣ ተዋደደ። ፒጋ መታ፣ ፒጋና ተማታ። ሥሩ ውስጥ ኤ ወይም ኦ ካለ ጅራቱ ወደ ኤ ይዞራል፤ ስለዚህ ከሶማ ሶሜሻ ይወጣል፣ «አስነበበ»፣ ማለትም አስተማረ።

«አሊኒሊፒያ» የሚል ቃል ቢያጋጥምዎት አይደንግጡ። አ-ሊ-ኒ-ሊፒያ፦ ከፈለልኝ።

11. የትኛውን ስዋሂሊ ልከተል?

መደበኛው ስዋሂሊ የተመሠረተው በዛንዚባር ከተማ አነጋገር ላይ ነው፣ ታንዛኒያ ውስጥና በጠረፉ አካባቢ ሰልፉ ይጠበቃል። ናይሮቢ ላይ ግን ላላ ይላል፤ እኔ ያልኩት «ኪታቡ ያንጉ» መንገድ ላይ በየቀኑ የሚሰማ ነው፣ የለመድኩትም ከዚያው ነው። ምክሬ መደበኛውን አስቀድሙ ነው። ከጠበቀው ወደ ላላው መውረድ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው፤ ከላላው ወደ ጠበቀው መውጣት ግን እኔን ዓመት ፈጅቶብኛል።

12. መለማመጃ

ይህን ቆርጠው ያንብቡ፦ ቪታቡ ቪሌ ቪዊሊ ኒሊቪዮኑኑዋ ጃና ቪሜፖቴአ።

ቪ ስንት ጊዜ መጣች? አምስት። መጽሐፎች፣ እነዚያ፣ ሁለት፣ የገዛኋቸው፣ ጠፍተዋል። ጃና ትናንት ነው፣ ማንንም አይከተልም። አራተኛው ቃል ውስጥ ያለችው ቪዮ የእኛን «የ» ትተካለች፦ ኒ-ሊ-ቪዮ-ኑኑዋ፣ የገዛኋቸው። ነጠላ ሲሆን ቾ ትሆናለች።

አሁን መልሱን ሳያዩ ወደ ነጠላ ይለውጡት፣ «ሁለት» የሚለውንም «አንድ» ያድርጉት። ሲጨርሱ እንዲህ መሆን አለበት፦ ኪታቡ ኪሌ ኪሞጃ ኒሊቾኑኑዋ ጃና ኪሜፖቴአ።

ከዚያ ኪታቡን አውጥተው ጋሪን ያስገቡ፦ ጋሪ ሊሌ ሞጃ ኒሊሎኑኑዋ ጃና ሊሜፖቴአ። ሞጃ ፊቷ ባዶ የሆነው ጋሪም ፊቱ ባዶ ስለሆነ ነው። ምካቴን ደግሞ ራስዎ ይሞክሩት፤ ግሱ በኡ ካልጀመረ ወደ 6ኛው ክፍል ይመለሱ።